«አጥኚ» እያልኩ ጊዜዋን ስወስድባት

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «አጥኚ» እላታለሁ፤ ማታ ስመለስ «አጠናሽ ወይ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። በእነዚህ ሁለት ንግግሮች መካከል ያለው ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ቤቱን ማን እንደጠረገ፣ ውሃውን ማን እንደቀዳ፣ ለታናሽ ወንድሟ ምሳውን ማን እንዳቀረበ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቤቱ ተጠርጎ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ወጡ ተሠርቶ ስለማገኘው ሁሉም ነገር በራሱ የሚሆን ይመስለኝ ነበር መሰል።

ይህን የምጽፈው በከፋ ዞን ከምትገኘው ከቢታ ገነት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ስሠራ ብዙ ዓመታት ሆኖኛል፤ ባለቤቴም ሠራተኛ ነው። ሴት ልጄ ታላቅ ናት፤ ከእርሷ በታች አንድ ወንድ ልጅ አለን። ጽሑፉን ለመላክ ያነሣሣኝ፣ በየከተማው እንደ እኔ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ እናቶች መኖራቸውና የፈተናው ነገር በየቤታቸው እንደሚያስጨንቃቸው ማወቄ ነው።

እኛ «ማትሪክ» ብለን የምንጠራው ፈተና ስሙም አሰጣጡም ብዙ ጊዜ ተለውጧል። እኔ በ1986 ዓ.ም. ስፈተን ውጤቱ በፊደል ነበር የሚመጣው። ኋላ ፈተናው በዐሥረኛ ክፍል አንድ፣ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ሆነ፤ የዐሥረኛው ደግሞ ቀረና አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የዐሥራ ሁለተኛው ብቻ ነው። ማትሪክ የሚለው ስም ግን ከሰው አፍ አልወጣም። በቤተሰብ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚፈተኑት በየትምህርት ቤታቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙንና በሐምሌ እንደገና መሰጠቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኩረጃም እንደ ልማድ ተይዞ ነበር። የእኅቴ ልጆች ለልጄ ይሰጧት የነበረው ምክር «ምን አስጨነቀሽ? እዚያ ስትደርሺ የሚሠራልሽ አይጠፋም» የሚል እንደነበር አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር።

በጥቅምት 2015 ተፈታኞቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ፣ ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በጥር ሲነገር አገር ሁሉ ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ልጄ በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ የእርሷ ተራ የሚደርሰው በሚቀጥለው ሐምሌ ነው። ያን ማታ ምጣድ አጠገብ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ ከመቶ ሦስት ነው ያለፈው» አለችኝ።

«አንቺ ከሦስቱ አንዷ ሁኛ!» አልኳት። መልሱ ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። አንድ ልጅ ከመቶ ሰው ዘጠና ሰባቱ የሚወድቅበትን በር እያየች መጽሐፍ ለመክፈት ምን ዓይነት ልብ እንደሚያስፈልጋት አላሰብኩበትም።

የእርሷም ውጤት በመስከረም 2016 መጣ። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 845,188 ልጆች ግማሹን ያገኙት 27,267 ሲሆኑ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ልጄ ካለፉት ውስጥ አልነበረችም። ልጆቹ ሬሜዲያል ለሚሉት የማካካሻ ትምህርት የተቆረጠውንም ነጥብ አላገኘችም። ጎረቤቶቻችን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እየመጡ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አሉን። ባለቤቴ ሁለት ቀን ያህል ሳይናገር ቆየ። እርሷ ደግሞ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ያሉትን ደብተሮችና መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ አፉን በገመድ አሥራ ጓዳ ከእንሰት ቅጠሉ ሥር አስቀመጠችው። እንደ ድንች።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር መጥፎ ነበር። «ቴክኒክና ሙያ ልመዝገብ» ትላለች፤ በማግሥቱ «ሥራ ልፈልግ» ትላለች። ቴክኒክና ሙያን መናቄ አይደለም፤ ወድዶ ለገባበት ጥሩ የእንጀራ መንገድ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው የጤና ትምህርት ነበር፤ አሁን የምትሸሸው ከእፍረቷ ነው። በመሆኑም የማውቀውን ሁሉ ምክር አወረድኩባት። የራሴንም ታሪክ ጨመርኩ። እኔ ለትምህርት ወደ ቦንጋ ሄጄ፣ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት በተላከልን ቆጮ እየኖርን፣ በኩራዝ ብርሃን አፍንጫችን እስኪጠቁር እናጠና እንደነበር ነገርኳት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብ ለጥቂት እንደሳትኩም አልደበቅኋትም። «እናንተ መብራት አላችሁ፣ ስልክ አላችሁ፣ ምን ጎደላችሁ?» አልኳት።

ልጄ ዕቃ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል «እማዬ፣ ቦንጋ እያለሽ ውሃ ቅጂ የሚልሽ ማን ነበር?» አለችኝ።

ለሦስታችን አንድ ጀሪካን ውሃ ለሁለት ቀን ይበቃን ነበር፤ እርሱንም በተራ እንቀዳለን። እንግዳ አይመጣብንም። ሕፃን የለብንም። ከትምህርት ቤት ተመልሰን ቆጯችንን በልተን ኩራዙን ከለኮስን በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ጊዜ በሙሉ የራሳችን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ኩራዙ ጭስ ሳወራ ስለ ጊዜው አንድም ቀን አላወራሁም ነበር። ልጄ አምፖል አላት፤ ጊዜ ግን የላትም።

ይህን ከተናገረችኝ ከሳምንት በኋላ ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀርቼ ሁለት ቀን ተኛሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ የምትሠራውን ማየት ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን እርሳስ አንሥቼ በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ መዝገብኩት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥታ እሳት አያይዛ ቁርስ ለማቅረብ አንድ ሰዓት ወሰደባት። ቤት ለመጥረግና ዕቃ ለማጠብ አንድ ሰዓት። ቧንቧው ስላልመጣ ወደ ምንጩ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ውሃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ተኩል። ምሳ ሠርቶ ለማቅረብ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል። የእኔን፣ የአባቷንና የወንድሟን ልብስ ለማጠብ አንድ ሰዓት። ከሰዓት በኋላ እኔን ሊጠይቁ ለመጡት ጎረቤቶች ቡና ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስታፈላ፣ ስኒ ስታጥብ አንድ ሰዓት ተኩል። ራት አንድ ሰዓት ተኩል። ደመርኩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የእኔ የቢሮ ሥራ ስምንት ሰዓት ነው፤ እኔ ደመወዝ አለኝ፤ ማታ ቤት ስገባም ደክሞኛል እላለሁ። የወንድሟን ሥራም መዝግቤ ነበር፤ ከሱቅ ሳሙና ገዝቶ መጣ፣ ሃያ ደቂቃ።

መጽሐፏን የከፈተችው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ራሷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም ወትሮ በዚህ ሰዓት በበሩ ሳልፍ «ይህች ልጅ ፍላጎት የላትም» እል እንደነበር ትዝ አለኝ።

በማግሥቱ ማታ ያን ወረቀት ለባለቤቴ አሳየሁት። ብዙ አልተናገረም። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበና «የእኔም ልብስ አለበት» አለ። ከዚያ ወዲያ ልብሱን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ያጥባል። ወንድ ልጃችን ውሃ ቅዳ ሲባል አኮረፈ። ጀሪካኑን ይዞ በዋናው መንገድ ማለፍ አሳፍሮት በጓሮ ዞሮ ይሄድ ነበር፤ መንገዱ እጥፍ ስለሚሆንበት ከሁለት ሳምንት በኋላ በዋናው መንገድ መሄድ ጀመረ። ምሳው ከዋዜማው ማታ እኔና እርሱ የምንሠራው ሆነ። አንዳንድ ቀን ጨው ይበዛበታል፤ የሞተ ሰው ግን የለም።

የከበደው ቡናው ነው። በእኛ አገር ቡና የመጠጥ ነገር ብቻ አይደለም። «ቡና ጠጡ» ተብሎ ሲጠራ አለመሄድ፣ ተራ ሲደርስ አለመጥራት፣ ጠብ እንደመፈለግ ይቆጠራል። የእኛ ቤት ለመንደሩ መሐል በመሆኑ ሰው በየቀኑ ይሰበሰባል፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ የምትቆመው ልጄ ናት። ጎረቤቶቼን ሰብስቤ «እስከ ሐምሌ ድረስ ከሰኞ እስከ ዓርብ እኛ ቤት ቡና አይፈላም፤ እሑድ እሑድ ግን በእኔ እጅ ይፈላል፣ ኑልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። አብዛኞቹ ተረዱኝ። አንዲቱ ግን፣ ለልጆቼ እናት ማለት የሆነች ሴት፣ «ልጅሽ ሳታልፍ እንዲህ ካራቅሽን፣ ብታልፍማ በሩንም ትዘጊብናለሽ» ብላ ተነሥታ ሄደች። ለሦስት ወር ያህል ቤቴ አልመጣችም። እኔ በየእሑዱ ሄጄ እቤቷ ቁጭ እል ነበር፤ ስኒውን ታቀብለኛለች፣ አታናግረኝም።

በነገራችን ላይ፣ በደቡብ ኮሪያ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲሰጥ፣ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና በሚካሄድበት ግማሽ ሰዓት ያህል አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ ይደረጋል። ድምፁ ልጆቹን እንዳያውክ ነው። አገር አውሮፕላኑን ያቆማል፤ እኛ በቤታችን ዘነዘናውን ማቆም አቃተን ብዬ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ሳቁ። ከሳቁት አንዷ ግን ማታ ቤቷ ሄዳ የራሷን ልጅ ሥራ እንደመዘገበች ኋላ ነገረችኝ።

የቡናው ለቀማ ሌላው ነገር ነው። እናቴ ከከተማው ወጣ ባለ ቦታ ጥቂት የቡና ማሳ አላት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩን ፍሬ ለመልቀም ቅዳሜና እሑድ ሁሉም እጅ ይፈለጋል፤ ልጄ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለችም አልቀረችም ነበር። በ2016 ግን በእርሷ ፈንታ የቀን ሠራተኛ ቀጠርን። ለኩሽናው ቆርቆሮ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለዚህ ሄደ፤ ኩሽናውም ያን ክረምት እንዳፈሰሰ ከረመ። ጊዜ በነፃ አይገኝም፤ ሠራተኛ እናት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ እኔ ግን የልጄ ጊዜ ዋጋ የሌለው አድርጌ ቆጥሬው ኖሬአለሁ።

ጊዜው ተገኘ፤ ከረጢቱ ግን አልተፈታም። እዚህ ላይ የእኔ አቅም አበቃ። ጊዜ የሰጠኋት ዕለት ፍላጎቱም አብሮ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ልጄ የሰጠናትን ሰዓት ግድግዳ እያየች ታሳልፈው ጀመር። «ከመቶ ሦስት» የሚለው ቁጥር ከልቧ አልወጣም ነበር።

ቁጥሩን ያወጣላት የቀድሞ የሒሳብ መምህሯ ነው። መንገድ ላይ አግኝቼው አማከርኩት፤ ማታ ወደ ቤት መጥቶ ወረቀት አስወጣትና ጠየቃት።

«ጥያቄው ስንት ምርጫ አለው?»

«አራት።»

«ምንም ሳታነቢ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ መቶ ጥያቄ ብትሞዪ ስንቱ ይመታልሻል?»

አሰበች። «ሃያ አምስት ያህል።»

«አሁን ሠላሳ አራቱን በትክክል ታውቂያለሽ እንበል። የቀረው ስድሳ ስድስት ነው። እርሱን በግምት ብትሞዪው ከአራት አንዱ፣ ዐሥራ ስድስት ያህል ይመታል። ሠላሳ አራትና ዐሥራ ስድስት ስንት ነው?»

«ኃምሳ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ልክ እንደተታለለ ሰው ሆነ። እንደገና በራሷ እጅ አሰላችው።

መምህሩም ቀጠለ። ግምት ዕውቀት አለመሆኑን፣ ዕድል ደግሞ አንዳንድ ቀን ከዚያም በታች እንደሚሆን፣ ስለዚህ ከአርባ በላይ ማወቅ እንደሚገባት፣ ጤና የምትፈልግ ከሆነም ኃምሳ ላይ መቆም እንደማይጠቅማት ሳይደብቅ ነገራት። «እኔ ያሳየሁሽ የግድግዳውን ቁመት ነው። ሰማይ የሚደርስ መስሎሽ ነበር» አላት። በዚያው ማታ ከረጢቱን ፈታችው። አንዳንዱን ደብተር ሻጋታ ይዞት ነበር።

ሌላም ነገር ነገራት፤ ለእናቶችም ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ። ፈተናው ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ያለውን ይዳስሳል። ልጄ የምታጠናው አንዱን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች አምስት ጊዜ እያነበበች፣ በቀለም እያሰመረች ነበር። መምህሩ መጽሐፉን እንድትዘጋና ያነበበችውን በባዶ ወረቀት ላይ እንድትጽፍ ጠየቃት፤ ሦስት መሥመር ብቻ ወጣት። ዓይን የለመደውን ነገር ያወቅነው ይመስለናል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አንብቦ መዝጋት፣ የሚታወሰውን መጻፍ፣ የጎደለውን ማየት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሳያዩ እንደገና መጻፍ፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎችም መልሱን ሸፍኖ መሥራት። መጀመሪያ ላይ ይህ አጠናን ተስፋ ያስቆርጣል፤ የማያውቁትን ቁልጭ አድርጎ ያሳያልና። እርሷም «ከበፊቱ የባሰ ደነዘዝኩ» እያለች ታለቅስ ነበር። ከወር በኋላ ግን ሦስቱ መሥመር ገጽ ሆነ።

የእኔ ድርሻ መስማት ሆነ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እርሷ ለእኔ በአማርኛ ትተርክልኛለች፤ እናቴ ካለች ደግሞ በካፊኖኖ። አንድ ማታ ጎመን ከትፌ ጨው ነስንሼ ብተወው ውሃ አወጣ። «ይህ ለምን ይሆናል?» ስላት «እማዬ፣ ኦስሞሲስ ነው» ብላ ቃሉን ወረወረችልኝ። «ቃሉን አይደለም፣ ለምን?» አልኳት። ጀመረችው፣ ተደናቀፈች፣ ወደ መጽሐፉ ሮጠች። ተመልሳ መጥታ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በስስ ሽፋን እያለፈ ጨው ወደበዛበት ወደ ውጭ እንደሚሄድ፣ ቅጠሉም ለዚያ እንደሚጠወልግ በቢላዋ እያሳየች አስረዳችኝ። እናቴ ሰምታ «ሥጋ ጨው ተደርጎበት ሳይበላሽ የሚቆየውም ለዚያ ነዋ!» አለች። ልጄ አያቷን አፍጥጣ አየቻት፤ ነገሩ ትክክል ነበር።

እንዲህ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሄደ ብል ውሸት ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን መጽሐፍ አልነካችም። አብረዋት ተፈትነው ሬሜዲያል የገቡ ልጆች በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተነሡትን ፎቶግራፍ በስልክ ይልኩላታል፤ እርሷ ደግሞ ክፍል የላት፣ ደንብ ልብስ የላት፣ ጠዋት የምትሄድበት የላት። በዐሥራ አንደኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩባት። «ቆርቆሮውን ለአንቺ ሸጥኩት፣ ጎረቤት ለአንቺ አጣሁ» አልኩ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን ልጅም ጠቅሼ አወዳደርኳት። አልመለሰችልኝም፤ ራት ሳትበላ ተኛች።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። የሰጠኋትን ጊዜ ዕዳ አድርጌ አስቆጠርኳት ማለት ነው። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት «ትናንት ያልኩሽ ስሕተት ነው። ቆርቆሮውን ያልገዛነው እኛ ወደን ነው፤ ብትወድቂም አትከፍይውም» አልኳት። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት ልማድ አልነበረም፤ አፌ ተሳስሮ ነበር። እርሷም መሬት እያየች «ብቻዬን ሆንኩ እኮ እማዬ» አለችኝ።

ለካ ችግሩ ይህ ኖሯል። በከተማችን እንደ እርሷ ውጤት ያልመጣላቸው፣ ቤት ተቀምጠው በግል ለመፈተን የተመዘገቡ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። እናቶቻቸውን ሄጄ አነጋገርኩ። የአንደኛዋ እናት የቤት ሥራውን ዝርዝር ስነግራት «የእኔዋ ከብትም አለባት» አለችኝ። ብቻ ተስማሙ። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሦስቱ በእኛ ሳሎን ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ኬሚስትሪ፣ አንዷ ፊዚክስ፣ የእኔዋ ባዮሎጂ ለሌሎቹ ታስተምራለች። ሲጨርሱ ባለቤቴ በባትሪ እየመራ ያደርሳቸዋል። ዝናብ ሲመጣ መብራት ስለሚጠፋ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ገዛን። ያለ ምንም ስሜት የሚመጡበት ማታ ነበር፤ ሌሎቹ ስለሚጠብቋት ብቻ የምትመጣ ነበረች። ሆኖም መጣች፣ ተቀመጠች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጭቅጭቁ ውስጥ ገባች። ያን ሳይ፣ ፍላጎት ሁልጊዜ ከሥራ በፊት የሚመጣ ነገር አለመሆኑን አወቅሁ፤ ብዙ ቀን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ያኮረፈችው ጎረቤቴ የመጣችው በግንቦት ነው። በሩ ላይ ቆማ ሦስቱ ልጃገረዶች ሲከራከሩ ሰማቻቸው። ምንም ሳትል ሄደች። በሚቀጥለው ሐሙስ በልጇ እጅ አንድ ጀበና የተፈላ ቡናና የተጠበሰ በቆሎ ላከችላቸው። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ አልቀረችም።

ሐምሌ 2016 ደረሰ። የእኛን አገር ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡ ማባሪያ የለውም። ሦስቱም የመፈተኛ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ብርድ ልብስና ስንቅ ይዘው፣ ስልካቸውን ለእኛ ትተው በመኪና ተሳፈሩ። ፈተናውን ጨርሳ እስክትመለስ ድረስ ድምፅዋን አልሰማሁም። ስልኳ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በየሰዓቱ አውጥቼ አየው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ውጤቱ የተነገረው በጳጉሜን ነው። በአገር ደረጃ ከ674,823 ተፈታኞች ግማሽና በላይ ያገኙት 36,409 ሆኑ፤ ካለፈው ከፍ ያለ ቢሆንም ከመቶ አምስት ተኩል እንኳ አይሞላም። ልጄ ኃምሳ አልሞላችም፤ አርባ ሰባት ከመቶ አመጣች። እኔ ደነገጥኩ፤ እርሷ ግን ወረቀት ፈልጋ በትምህርት ዓይነት እየለየች ካለፈው ዓመት ጋር አስተያየችው። ባዮሎጂ ብቻውን ከስድሳ በላይ ነበር። «ፊዚክስ ነው የጎተተኝ፤ ፊዚክስን የማስተማር ተራ አልወሰድኩም ነበር» አለች። አንዲቱ ጓደኛዋ ኃምሳውን አልፋለች፤ ሌላይቱ ለማካካሻውም አልበቃችም። ያቺ ልጅ አሁን ቦንጋ በመምህራን ኮሌጅ ትማራለች።

ልጄ ለሬሜዲያል በቃች። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። እኔ ቅርብ የሆኑትን፣ ቦንጋን፣ ጅማን፣ ሚዛን ቴፒን በቅደም ተከተል እንድትሞላ ፈለግሁ። እርሷ ሩቁን አስቀደመች። ባለቤቴ «ለምን?» ሲላት ቀስ ብላ «ቅርብ ከሆንኩ በየሳምንቱ ትጠሩኛላችሁ» አለች። ምን ይባላል? በራሷ ምርጫ ሞላች፤ የተመደበችውም ከቤት ከአንድ ቀን በላይ በሚያስኬድ ቦታ ነው። በ2017 የማካካሻውን ትምህርት ተምራ ፈተናውን አለፈች። አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጤና ይድረሳት አይድረሳት የሚለየው በዚህ ዓመት ውጤቷ ነው። ስለዚህ ነገሩ አላበቃም።

ባለፈው ወር ማታ ደወልኩላት። እንደ ልማዴ «አጠናሽ…» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት።

«እማዬ፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት አትደውዪ ብዬሽ አልነበረም?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ወንድሟ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ያን የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ከግድግዳው ላይ አላወረድነውም፤ እርሱ ከጎኑ የራሱን ፕሮግራም ለጥፏል። ውሃ መቅጃው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ዕቃ ማጠቢያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ከእርሱ ሥር ደግሞ «የእማዬ ተራ» የሚል አንድ መሥመር አለ፤ ሰዓቱን ሳይሞላ ትቶልኛል።